ባሻ ከሶፋው ሲወርዱ

ድመቴ መጀመሪያ ስሙ ብናኝ ነበር። መዳፌ ላይ ቁጭ ብሎ ቦታ ይተርፈው ነበር። አሁን ስሙ ባሻ ነው። ማን እንዳወጣለት እንኳ አላስታውስም። አንድ ቀን ሶፋው ላይ ሆዱን ዘርግቶ፣ ዓይኑን በግማሽ ከድኖ፣ ሰው ሲያልፍ ቀና ማለት እንኳ ከብዶት ስናገኘው «ባሻ፣ እንደምን ዋሉ?» አልነው፤ በዚያው ጸና። ከዚያ ወዲህ በአንቱ ነው የምናናግረው። ስናደድበት ብቻ ወደ አንተ ይወርዳል።

እውነቱን ለመናገር ደስ ይለን ነበር። ወፍራም ድመት ያስቃል። ፎቶው ያምራል። እንግዳ ሲመጣ «ኧረ ይሄ ድመት ነው ትራስ?» ይላል፣ ይሳቃል፣ እኔም የሆነ ኩራት ነገር ይሰማኛል፤ ልጄን በደንብ አሳደግሽው የተባልኩ ያህል።

ሳቁ የቆመው መስኮቱ ጋ ነው። ባሻ ድሮ መስኮቱ ደፍ ላይ ወጥቶ ወፍ ማየት ይወድ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥሩ መጥቶ ቆመ። ቀና ብሎ አየ። የኋላ እግሮቹን አስተካከለ። ዝቅ አለ። የሚዘል መስሎኝ ስልኬን ጣል አድርጌ ማየት ጀመርኩ። ተነሳ። እንደገና አየ፣ እንደገና ዝቅ አለ፣ ጭራውን አንዴ ወዘወዘ። ከዚያ እዚያው ግድግዳው ሥር ተኛ፣ ከመጀመሪያውም ለመተኛት የመጣ ይመስል። እኔን አላየኝም። እኔ ግን ቀና ብሎ ያየውን ቦታ አየሁት፤ ከጉልበቴ ብዙም አይበልጥም።

ያን ቀን ማታ ሳሻሸው ጭራው ሥር፣ ወገቡ ላይ፣ ፀጉሩ ተያይዞ ቋጠሮ ቋጠሮ ሆኗል። ድመት እንዲህ አይሆንም። ድመት የነቃበትን ሰዓት ግማሹን ራሱን ሲልስ ነው የሚያሳልፈው ብል ብዙ አላጋነንኩም። እንግዲህ ባሻ እዚያ ድረስ መድረስ አቅቶታል ማለት ነው። ሆዱ አላስዞር ብሎታል።

የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሐኪሟ ጎድኑን በጣቷ ፈለገች፣ ከላይ ሆና ወገቡን አየች፣ ሚዛን ላይ አወጣችው። 7 ኪሎ ከ200። ለሱ ቁመና 5 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል አለችኝ። ከዚያ የሰውነት ሁኔታ የሚለካበት ከ1 እስከ 9 የሚሄድ ነጥብ አለ፣ ባሻ ከ9 8 አመጣ። ትምህርት ቤት ቢሆን ይሸለም ነበር። እዚህ ግን ጥሩው ውጤት 5 ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ ክብደት ማለት ነው። ጎድኑ የእጃችንን ጀርባ አጥንት ስንዳብስ እንደሚሰማን መሰማት አለበት፤ የባሻን ጎድን ለመዳበስ ግን መጫን ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ ሆዳቸው ሥር የምትንጠለጠለው ቆዳ ቀጭን ድመትም ላይ አለች፣ ተፈጥሮ ናት። እኔ ለሁለት ዓመት በሷ ሳሳብብ ነው የኖርኩት።

ለካ 2 ኪሎ ለድመት ቀልድ አይደለም። ስኳር ያመጣል። መገጣጠሚያውን ይጎዳል። ሐኪሟ ስለ እንቅስቃሴ ከማውራቷ በፊት እግሮቹንና ወገቡን አንድ በአንድ እያጠፈች አየችለት፤ ድመት ሕመሙን ይደብቃል፣ አያነክስም፣ አይጮህም፣ ዝም ብሎ መዝለል ያቆማል። እኛም «ሰነፈ» እንላለን። ባሻ ደህና ነበር። ግን ቁርጥማት ያለበትን ድመት ተነስ ሩጥ ማለት ግፍ ስለሆነ ከዚህ መጀመር አለበት።

እኔ በበኩሌ ጀግና ነኝና «በቃ ከነገ ጀምሮ ምግቡን ግማሽ አደርገዋለሁ» አልኩ። ፊቷ ተለወጠ። ጾም ለድመት አይሆንም። በተለይ ወፍራም ድመት ሁለት ሦስት ቀን ካልበላ የሰውነቱ ስብ ወደ ጉበቱ ይጎርፋል፣ ጉበቱ ይታፈናል፣ ሊሞት ይችላል። መቀነስ ያለበት ቀስ ብሎ ነው፣ በሳምንት ከክብደቱ ከግማሽ እስከ 2 በመቶ። ለባሻ አስልቼው 1 በመቶ እንኳ 72 ግራም ብቻ ሆነ። የሳምንት ልፋት፣ 72 ግራም! ምግቡን በግራም ለካችልኝ፣ እስከዛሬ በኩባያ «ይህችን ታህል» ስሰጥ የነበረውን ስነግራት ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ራሱ በቃኝ።

እንግዲህ ምግቡ ተለካ። የቀረው እንቅስቃሴው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ያደረግኩትን ለመናገር አፍራለሁ፣ ግን ልናገር። ባሻን ከሶፋው አንስቼ ሳሎኑ መሃል አስቀመጥኩትና አጨበጨብኩለት። «ባሻ ይነሱ! ባሻ ይሩጡ!» አየኝ። ተነስቶ ወደ ሶፋው ሄደ። እንቅስቃሴ ከተባለ ያ ነው። ኳስ ገዛሁ። ኳሷ በአጠገቡ ስታልፍ በዓይኑ ሸኛት። በባትሪ የምትሄድ አይጥ ገዛሁ፣ ስትጮህ ተነስቶ ሌላ ክፍል ገባ። ዱላ ጫፍ ላይ በክር የታሰረ ላባ አመጣሁና አፍንጫው ሥር አወዛወዝኩለት፣ ወደ ፊቱ አስጠጋሁት፣ ጢሙን ነካሁት። ወደ ኋላ አፈገፈገ። በመጨረሻ ላባውን በመዳፉ አንዴ ጫን አድርጎ ተኛበት።

እናቴ ይሄን ሁሉ ቁጭ ብላ ታያለች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽው ነው?»

«እንዲጫወት ነው እማዬ።»

«አይጥ እኮ በገዛ እግሯ ድመት አፍ ድረስ አትሄድም።»

እንደቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ደጋግሜ አሰብኩት። ልክ ናት። ፊቱ ላይ እየተወዛወዘ የሚመጣ ነገር ለድመት የሚታደን ሳይሆን የሚያጠቃው ነገር ነው። የሚታደን ነገር ይሸሻል። ይደበቃል። ቀጥ ይላል፣ ይንቀሳቀሳል፣ እንደገና ቀጥ ይላል። እናቴ ባሻን ሁሌ «ሥራ ፈት» ነው የምትለው፤ ስድብ መስሎኝ ሳልፈው ኖሬ ያን ማታ ነው ምርመራ መሆኑ የገባኝ። ድመት ማለት ለብቻው የሚያድን አውሬ ነው። ሰው ባይመግበው ትንንሽ ነገር እየያዘ በቀን አሥር ጊዜም ከዚያ በላይም ይበላል፤ አንዲት አይጥ ወደ 30 ካሎሪ ናት፣ አታጠግብም፣ ያውም ብዙ ጊዜ ታመልጠዋለች። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲያደባ፣ ሲጠብቅ፣ ሲዘል፣ ሲስት ነው። እኔ ቤት ግን ሳህኑ ሁሌ ሙሉ ነበር። ተኮላሽቷል፣ ያ ደግሞ የሚያስፈልገውን ጉልበት ቀንሶ የምግብ ፍላጎቱን ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው አንድም ነገር የለም። ታዲያ ለምን ይነሳል? እኔም ብሆን አልነሳም።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ባዶ ካርቶን ወለሉ ላይ ጎኑን አስተኛሁ። ላባውን ተውኩትና የድሮ ቀሚስ መቀነት ይዤ ከካርቶኑ ጀርባ ተቀመጥኩ። ባሻን አላየሁትም፣ አልጠራሁትም። መቀነቱን ቀስ ብዬ ከካርቶኑ ጫፍ አወጣሁት፣ አቆምኩት፣ ሳብ አድርጌ ደበቅኩት። ካርቶኑን ከውስጥ በጥፍሬ ጫር ጫር አደረግኩ።

ጆሮው ቀድሞ ዞረ። ሰውነቱ እንደተኛ ነው፣ አንድ ጆሮ ብቻ። መቀነቱ ብቅ አለ፣ ጠፋ። ጭንቅላቱ ቀና አለ። የዓይኑ ብሌን ቅድም ክር ታህል ነበረች፣ አሁን ዓይኑ ሁሉ ጥቁር ሆነ። ከሶፋው ወረደ፣ በሆዱ ሊተኛ ምንም ሳይቀረው ዝቅ ብሎ፣ ያ ሁሉ ሥጋ ድምፅ ሳያሰማ። ወንበሩ እግር ጀርባ ተደበቀ፤ ግማሹ ብቻ ነው የተደበቀው፣ ግን እሱ እንደዚያ አልመሰለውም። ዳሌውን ግራ ቀኝ አወዛወዘ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። ከዚያ ያ 7 ኪሎ ከ200 ተወርውሮ ካርቶኑን፣ መቀነቱንና እጄን አንድ ላይ ያዘ።

ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ የሚባለው ለካ እንዲህ ሲያዩት ነው።

40 ሴኮንድ ቢሆን ነው። ከዚያ በጎኑ ወድቆ መቀነቱን በኋላ እግሮቹ እየደበደበ ቀረ። እኔ ደግሞ እጄ እየደማ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እስቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ለወራት ያየሁት ነው፣ የተሳሳትኩትንም ጨምሬ ላውራ። አንደኛ፣ ግማሽ ሰዓት ማጫወት የሚባለውን እርሱት። ድመት የሩቅ ሯጭ አይደለም፤ ይወረወራል፣ ያርፋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። እንደ ባሻ የከበደ ድመት አንዳንዴ በጎኑ ተኝቶ በመዳፉ ብቻ ይመታል፣ እሱም ይቆጠራል። አፉን ከፍቶ ካለከለከ ግን ወዲያው ይቆማል፣ ድመት እንደ ውሻ አያለከልክም፣ ከደጋገመው ሐኪም ጋ ነው። ሰዓቱም ዋጋ አለው። ድመት የሚነቃው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። እኔ ቀትር ላይ ስጨፍርለት የነበረው እሱ በውድቅት ሌሊት ቀስቅሶ ነይ ኳስ እንጫወት ቢለኝ ማለት ነው።

ሌላው፣ መያዝ አለበት። ይሄን በሌዘር ነው የተማርኩት። ያቺ ቀይ ነጥብ ባሻን በሁለት ማታ ከሶፋው አስወረደችው፣ ግድግዳ አስቧጠጠችው፣ ተገላገልኩ አልኩ። ሦስተኛው ቀን ሌዘሩን አጥፍቼ ስተኛ እሱ ቁም ሳጥኑ ሥር አፍጥጦ ቀረ። ጠዋት ስነሳም እዚያው ነው። ነጥቧ የምትያዝ ነገር አይደለችማ፤ ያደነውን በጥፍሩ ሳይነካ፣ ሳይነክስ፣ አደኑ አልተዘጋለትም። አሁን ሌዘሩን ካወጣሁት መጨረሻ ላይ ነጥቧን ጨርቅ አይጧ ላይ አሳርፋታለሁ፣ ይይዛታል፣ ከዚያ እራቱን ወዲያው እሰጠዋለሁ። ያድናል፣ ይበላል፣ ይላሳል፣ ይተኛል። ይህ ቅደም ተከተል ሲሞላለት ፊቱ ራሱ ይለያል።

ክር ነገር ደግሞ ሜዳ ላይ አይተውም። አንድ ቀን ላባውን ከነክሩ ረስቼው ከሥራ ስመለስ ክሩን እንደ ማስቲካ ሲያኝክ ደረስኩ። ድመት ክር ከዋጠ አንጀቱን ሰብስቦ ሊቆርጠው ይችላል። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ሲያልቅ ዱላው መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል።

ይህ መደበቅ ሌላም ጥቅም አለው፣ ሳላስበው ያገኘሁት። መቀነቷ በሁለተኛው ሳምንት ሰለቸችው። ተስፋ ልቆርጥ ነበር። በኋላ ነው ጆን ብራድሾው የሚባል የድመት ባህርይ አጥኚ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣውን ጥናት ያነበብኩት፤ ለድመቶቹ አንዱን መጫወቻ ደጋግመው ሲያቀርቡላቸው ይሰለቻሉ፣ በሌላ ሲለውጡላቸው ግን ጨዋታው እንደ አዲስ ይነሳል። ስለዚህ የሰለቸው መጫወቱ ሳይሆን መጫወቻው ነው። አሁን አምስት የሚሆኑ ነገሮች አሉኝ፣ አንዱም ገንዘብ አልወጣበትም ማለት ይቻላል። የተቋጠረ ካልሲ፣ የጫማ ማሰሪያ፣ የተጨማደደ ወረቀት፣ እየተፈራረቁ ይወጣሉ። ያቺ በባትሪ የምትሄደው አይጥ ግን እስካሁን አትወጣም። ተጣልተዋል።

ስለ ምግብ ማስፈለጊያ መጫወቻም ብዙ ይወራል፤ ድመቱ ገፍቶ፣ አንከባሎ ብስኩቱን፣ ማለትም ደረቅ ምግቡን፣ የሚያወጣበት ዕቃ። እኔ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዳድቼ ሠራሁለት። ባሻ ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ባዶ ሳህኑ ጋ ሄዶ ተቀመጠ። ተናድጄ «አንተ!» አልኩት። በኋላ ግን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ብዙ እንስሳት፣ አይጥም ወፍም፣ ነጻ ምግብ አጠገባቸው እያለ እንኳ ሠርተው መብላት ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሚኬል ዴልጋዶ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ 17 ድመቶች ላይ ሞከሩት፤ ድመቶቹ ከመጫወቻው ይልቅ ከሰሃኑ የበለጠ በሉ። ድመት ነጻ ነገር ይወዳል። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ቀዳዳዎቹን አሰፋሁና ገና ሲነካው እንዲፈስ አደረግኩት፣ ሲለምደው ነው ያጠበብኩት።

ትልቁ ችግር ግን ድመቱም መጫወቻውም አልነበረም። እናቴ ናት።

ሁለት ወር ሠርተን፣ ሚዛኑ ሲታይ 30 ግራም። ሐኪሟ ምግቡን ደግሜ እንድለካ ጠየቀችኝ። ለካሁ። ልክ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስገባ እማዬ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ባሻ ጭኗ ላይ፣ እሷ አንድ ጉርሻ እሱ አንድ ጉርሻ እየተባባሉ እያወሩ ነው።

«እማዬ!»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ያሳዝናል እኮ! ዓይኑን አይተሽዋል?»

«በልቷል እኮ።»

«ልትገድዪው ነው።»

ምን ይባላል? እኔም ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። ሳህኑን ለሁለት ዓመት የሞላሁት እኮ ለራሴ ነው፤ ረፍዶብኝ ስመጣ፣ ሳላጫውተው ስውል፣ ጥፋቴን በብስኩት ስከፍል። ሁለት ደቂቃ ወለል ላይ ከመቀመጥ ኩባያ መድፋት ይቀላል። እማዬን ልቆጣ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ያደረግኩት ይሄን ነው። ጠዋት ጠዋት የቀኑን ብስኩት ለካሁና ከፍዬ ግማሹን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ለእማዬ ሰጠኋት። ይሄ ያንቺ ነው፣ ፈለግሽ አሁን ፈለግሽ ማታ ስጪው፣ ግን ሲያልቅ አለቀ። ደግሞ አንድ ውል አለ፦ በእጅሽ አታጎርሺውም፣ ትወረውሪለታለሽ። አንዷን ወደ ኮሪደሩ፣ እሷን በልቶ ሲመለስ አንዷን ወደ ጓዳው።

እማዬ መጀመሪያ ለድመት ምግብ መወርወር ነውር ነው አለች። በሳምንቱ ስመጣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማ «ባሻዬ፣ ያዝ!» እያለች ነው። ብስኩቷ ወለሉ ላይ ተንሸራታ ትሄዳለች፣ ባሻ ከኋላዋ ሆዱ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ ይሮጣል፣ ጥጉ ጋ ሲደርስ እግሩ ይንሸራተታል፣ ግድግዳ ይገጫል፣ ያነሳታል፣ ይመለሳል። እኔ በመቀነት ያልቻልኩትን እሷ በቀን 30 ዙር ታስሮጠዋለች። በዚያ ላይ ታወራዋለች። እኔ ስሞክር አንድ ሁለቴ ሮጦ ዞሮ እሷን ይፈልጋል።

ሚዛን ላይ ስለማውጣት አንዲት ነገር። ቤት ውስጥ ድመቱን ታቅፎ ሚዛን ላይ መውጣት፣ ከዚያ ለብቻ ወጥቶ መቀነስ ይቻላል። ግን የሰው ሚዛን 100 ግራም ከምንም አይቆጥርም፣ ለኛ ደግሞ 100 ግራም በዓል ነው። የሕፃናት ሚዛን ይሻላል። ሌላው ችግር፣ በዚህ መንገድ የራስንም ክብደት በየሳምንቱ ማወቅ ግድ ይሆናል። ስለሱ ሌላ ጊዜ።

በስድስት ወር 6 ኪሎ ከ100 ገባ። 1 ኪሎ ከ100 ግራም ቀነሰ ማለት ነው። ሐኪሟ አብዛኛው በልኬቱ የመጣ ነው ትላለች፣ ሩጫ ብቻውን ድመት አያከሳም፤ እኔም አምናለሁ። ግን ልኬቱ ጠዋት ጠዋት ሳህኑ ሥር እንዲነሳ ነው ያደረገው፣ የቀረውን ቀን ያስነሳው ያ ካርቶን ነው። አሁን ጎህ ሳይቀድ ካልሲውን በአፉ ይዞ መጥቶ ጆሮዬ ላይ ይጥልብኛል። ይህንን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

መስኮቱ ሥር ወንበር አድርጌለት ነበር፣ በሁለት ደረጃ እንዲወጣ። ለምዶት ነበር፤ ወለል፣ ወንበር፣ ደፍ። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ ወንበሩን ወደ መኝታ ክፍል አወጣሁትና ረሳሁት። ጓዳ ሆኜ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ። የአበባ ማስቀመጫው ወደቀ ብዬ ሮጥኩ።

ባሻ ደፉ ላይ ናቸው። ወደ ውጭ አላዩም። አንዱን የኋላ እግር ወደ ላይ አንስተው፣ አንገታቸውን ጠምዝዘው፣ የጭራቸውን ሥር እየላሱ ነው። እዚያው፣ ያ ቋጠሮ የነበረበት ቦታ። እማዬን ጠራኋት። በሩ ላይ ቆመን አየን፣ ማናችንም አልተናገርንም።

ልሰው ሲጨርሱ ወደ ታች አዩ። ወንበሩ የነበረበትን ቦታ አዩ። እኔን አዩኝ። ከዚያ ረጅም፣ ቅሬታ ያለበት ሚያው።

ወንበሩን አመጣሁላቸው።